የኤቫልድ ጥላሸት

ትራውደ ቆሻሻ አትወድም፤ ይህን በጀርመን አገር ያለችው የጋይስሊንገን ከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል። በሰፈሩ፣ የጋራውን ደረጃና ደጅ የመጥረግ ተራ የደረሰው ሰው በር ላይ ትንሽ ሰሌዳ ይንጠለጠላል። እሷ ግን ሰሌዳው ጎረቤት በር ላይ ተንጠልጥሎም ትጠርጋለች። «የሰው ተራ ነው እኮ» ሲሏት፣ «ተራው የሰው ነው፤ የሚያየው ዓይን ግን የኔ ነው» ትላለች።

ባሏ ኤቫልድ መርሳት ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር፣ አቅም ቢያጥራት፣ መጦሪያ አስገባችው። እሷን እንኳ ማን እንደሆነች አያውቃትም። ባቡር ሲነሳበት ብቻ ዓይኑ ይበራል፤ በወጣትነቱ በከተማው ዳገት ላይ የከሰል ባቡር እሳት ያነድ ነበር።

ቤቱን ለቃ ወደ ባለ አንድ ክፍል ቤት ልትገባ ጣሪያ ሥር ያለውን ዕቃ ስትጎረጉር፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ እሱ የሰበሰባቸውን አሥራ ሰባት ትንንሽ የሞዴል ባቡሮች አገኘች። አንዱን ለእሱ ልትወስድ፣ የቀሩትን ልትሸጥ ቆረጠች። ባቡሩን በእጁ ሲይዝ ምናልባት እሷም ትዝ ትለው ይሆናል፤ የቀረቻት ተስፋ ይህች ነበረች።

ባቡሮቹ ግን ጥቁር በጥቁር ሆነዋል። ቆሻሻ ለሰው ይሸጣል እንዴ? ሰውስ ምን ይላል? ቅዳሜን ሙሉ በኮምጣጤና በጥርስ ብሩሽ ስትፈትጋቸው ዋለች። የሳፋው ውሃ ሦስቴ ጠቁሮ ሦስቴ ተደፋ። ሲያልቅ ዛሬ ከሱቅ የወጡ መሰሉ፤ ደስ አላት።

ሰኞ ገዢው አቶ ኬርነር መጡ፤ ከኤቫልድ ጋር በአንድ የባቡር ወዳጆች ማኅበር የነበሩ ሰው ናቸው። አንዱን አንስተው አገላበጡ።

«ማነው ያጠባቸው?»

«እኔ ነኛ። ቆሻሻ ልሽጥልዎ?»

«ቆሻሻ መቼ ነበር፣ ወይዘሮ ትራውደ። ኤቫልድ እውነተኛውን እንዲመስሉለት ከትልቁ ባቡር ጭስ ማውጫ ጥላሸት ፍቆ፣ በዘይት ለውሶ፣ በቀጭን ብሩሽ እየነካካ ነው የቀባቸው። ለአንዱ ብቻ ክረምቱን ሙሉ ይቀመጥ ነበር።»

ትራውደ ወንበር ሳበች። «አርባ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ምነው አልነገረኝ?»

አቶ ኬርነር ባቡሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «መልሶ መቀባት አይቻልም?» አለቻቸው።

«የእሱ እጅ የታለና?»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ይሄኛውን ደግሞ የደፋችው ራሷ ናት። እሱ አልነገራት፣ እሷ አልጠየቀች፤ አሁን ማንን ትውቀስ? ሰውየው አሥራ ስድስቱን በይሉኝታ ገዝተው ሄዱ።

ማግስቱን አንዱን ይዛለት ሄደች። ኤቫልድ ተቀብሎ መንኮራኩሩን በአውራ ጣቱ አሽከረከረ፤ ዓይኑ በራ። ትራውደ ጠጋ አለችው። ከዚያ ጣቱን አሸተተ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶም አየው። ጣቱ ንጹሕ ነበር። ባቡሩን መለሰላት።

«የኔ አይደለም። የኔዎቹ ጥቁር ናቸው።»

«ያንተው ነው፣ ኤቫልድ። እኔ ነኝ እኮ...»

«ካላስቸገርኩዎት፣ እመቤት፣» አለ በትሕትና፣ «ጣሪያ ሥር ናቸው፤ አንዱን ቢያመጡልኝ።» በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስቴ ግን እንዳታይብኝ። ካየችው ታጥበዋለች።»

«እሺ፣» አለች ትራውደ፣ «አላሳያትም።»