ሀጀራ የልጆችን ልብ ማየት የተማረችበት ሁለት ዓመት

ዶክተር ሀጀራ አብዱልዋሂድ እንደገና ተማሪ ለመሆን የቆረጠችው በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የሕፃናት ሐኪም ሆና ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቁይ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡት አባቷ፣ ልጃቸው ትምህርት የሚባለውን ሁሉ ተምራ የጨረሰች ይመስላቸው ነበር። እሷም ብትሆን እንደዚያው ነበር የሚመስላት።

ሐሳቧን ያስቀየራት አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ከአምበር ገጠር የመጣች ሂዊ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ታካሚ ነበረቻት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ለመድረስ ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች ብለው እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ይዘዋት መጡ። ሀጀራ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ብታደርግ በልቧ ምት መካከል ሽው የሚል ድምፅ ሰማች። ጉሮሮዋ ደጋግሞ ሲታመም ቆይቶ የልቧን በር አበላሽቶታል፤ በሩ አልገጥም ብሎ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ምን ያህል እንደተበላሸ፣ በመድኃኒት ይቆይ ወይስ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው እንደሆነ ግን በጆሮ አይታወቅም። ለዚያ ኢኮ የሚባለው፣ የልብን ምስል የሚያሳየው መሣሪያ ያስፈልጋል። ምስሉን በልጅ ልብ ላይ አንብቦ የሚፈርድ ሐኪም ደግሞ ያኔ አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም። ሀጀራ ልጅቷን በየወሩ የሚወሰደውን መርፌ አስጀመረቻትና የሪፈር ወረቀት ጻፈች። እናትየው ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ከአምስት ወር በኋላ ልጅቷ ትዝ ብላት ሀጀራ ለእናትየው ደወለች።

«መንገዱ ተዘግቶ ከረመ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «ሲከፈት እንሄዳለን ብለን ስንጠብቅ፣ ሂዊ በኅዳር ሚካኤል ማግስት አረፈችብን። እርስዎ ምን ያደርጋሉ፣ ዶክተር። የሚቻልዎትን ጽፈውልን ነበር።»

ሀጀራ ስልኩን ዘጋች። ሴትዮዋ ቢወቅሷት ይሻላት ነበር። በነጋታው የዓመቱን የሪፈር መዝገብ አውጥታ በምሳ ሰዓቷ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መደወል ጀመረች። በልብ ሕመም ወደ አዲስ አበባ ከላከቻቸው አሥራ አራት ልጆች መካከል የደረሱት ሦስት ነበሩ።

ባሏ ሚንሃጅ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። የተማሪ ደብተር ሲያርም አጠገቡ ተቀምጣ የሕፃናት ልብ ሕክምና ልትማር ማመልከቷን ነገረችው።

«ስንት ጊዜ ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሳጂዳ ገና አምስት ዓመቷ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ሚንሃጅ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንቺ ካልሄድሽ ሌላ የሚሄድ ይጠፋል?»

«እስከ ዛሬ ሌላ ሰው እስኪሄድ ነው የጠበቅሁት። ማንም አልሄደም።»

ሚንሃጅ ቶሎ እሺ አላለም። በአራተኛው ቀን ግን ልጆቹን ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣቸው ይናገር ጀመር። ያን ጊዜ መፍቀዱ ገባት። አባቷን ለመሰናበት ቁይ ስትሄድ ደግሞ አቶ አብዱልዋሂድ ጣቃውን እየጠቀለሉ «ሐኪም አይደለሽም እንዴ? ሌላ ምን ቀረሽ?» አሏት።

«አባባ፣ ልባቸውን እሰማዋለሁ እንጂ አላየውም።»

አቶ አብዱልዋሂድ ጣቃውን አስቀመጡና «እንግዲያ ሂጂ» አሉ። «አላህ ይርዳሽ።»

አዲስ አበባ አብረዋት ከጀመሩት ሦስት ሐኪሞች ሁሉ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። እነሱ መሣሪያውን ቶሎ ለመዱት። እሷ ግን ተቸገረች። የሦስት ቀን ሕፃን ደረት ከመዳፍ አይሰፋም፤ በዚያች ላይ የመሣሪያውን ጫፍ ይዞ በጣም በጥቂቱ ማዘንበል ምስሉን ሁሉ ይለውጠዋል። የተገኘው ምስል ጥቁርና ግራጫ ሆኖ ይርገበገባል፤ የትኛው ግድግዳ፣ የትኛው በር እንደሆነ ይጠፋባታል። አስተማሪያቸው ዶክተር ዓለምነው ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ።

«ምን አየሽ?» አሏት አንድ ቀን።

«ክፍተት ያለ ይመስለኛል።»

«የሚመስልሽን አልጠየቅሁም። ምን አየሽ?»

ሀጀራ ምስሉ ላይ ትክ ብላ ቆየችና «በዚህ በኩል ግድግዳው አይታየኝም» አለች።

«አሁን እውነቱን ተናገርሽ። አልታየሽም ማለት የለም ማለት አይደለም። እጅሽን አዙሪና ፈልጊው።»

ብታዞረው ግድግዳው ሙሉ ሆኖ ተገኘ። የሕፃኑ ልብ ደህና ነበር። ከሚጠብቅ አባት ፊት ሄዳ ልጅህ ልቡ ክፍት ነው ልትል ጥቂት ቀርቷት እንደነበር ገባት። ከዚያን ቀን ወዲያ ማንኛውንም ልጅ ሁለት ሁለት ጊዜ ማየት፣ ያየችውንም በእጇ ወረቀት ላይ መሣል ልማድ አደረገች። የልብ አራቱን ክፍሎች፣ የሚወጣና የሚገባውን ቧንቧ፣ ቀዳዳ ካለ ቀዳዳውን ትሥላለች። ወረቀቱ አንድ ካርቶን ሞላ።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። አራት ወር ልጆቿን አላየችም። አንድ አርብ ከሶላት መልስ ስትደውል ሳጂዳ ስልኩን አልቀበልም አለች። «እናቴ እዚያ ያሉትን ልጆች ነው የምትወደው» ማለቷን ትልቁ ልጅ ነገራት። ሀጀራ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። መንገዱ እንደተከፈተ በመጀመሪያው መኪና ልትሄድ ነው። ሻንጣው ሲሞላ ሚንሃጅ ጋ ደወለች።

«መምጣቴ ነው» አለችው።

«ለዕረፍት?»

«ለዕረፍት አይደለም።»

«ብትመጪ ደስ ይለናል» አላት ሚንሃጅ። «ልጆቹ ይደሰታሉ፣ እኔም ድካሙ ይቀለኛል፤ አልዋሽሽም። ግን አንድ ዓመት ተኩል ያለ እናት የከረሙት ለምን እንደነበር ሲያድጉ ይጠይቁሻል። ያን ጊዜ የምትመልሽላቸው ካለሽ ነይ።»

ሀጀራ ስልኩን ዘጋችና ልብሷን ከሻንጣው መልሳ አወጣች። ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ የሕፃናቱ ክፍል ተገኘች። ሳጂዳም ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩርፊያዋን ትታ የወለቀ ጥርሷን በስልክ አሳየቻት።

ትምህርቷን ስትጨርስ አንድ የአዲስ አበባ የግል ሆስፒታል እንድትቀር ጠየቃት። «አመሰግናለሁ፣ የሚጠብቁኝ አሉ» ብላ ደብረ ማርቆስ ገባች። እዚያ የነበረው የኢኮ መሣሪያ ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ ጫፉ ለሕፃን ደረት ይተልቃል። ለሕፃናት የሚሆነው እንዲገዛ ደብዳቤ ጻፈች። መልስ ሲዘገይባት ደግማ ጻፈች። እስኪመጣ ድረስ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ከፍ ከፍ ያሉትን ልጆች ባለው መሣሪያ ማየት ጀመረች።

በተመለሰች በሦስተኛው ወር፣ ከመርጡለ ማርያም በኩል አቶ አስማማው የሚባሉ ገበሬ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ማሬን ታቅፈው መጡ። ልጅቷ ፊቷ አብጧል፤ የአንገቷ ደም ሥር ተገትሯል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ስትጋደም ስለሚያፍናት ሦስት ሳምንት ሙሉ የአባቷ ደረት ላይ ተደግፋ ነው የተኛችው። ሀጀራ በማዳመጫው የሰማችው የልብ ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚያንኳኳ ሰው የራቀ ነበር። መሣሪያውን ስታደርግ የልጅቷ ልብ ታየቻት፤ በጥቁር ውሃ ተከባ፣ መዘርጋት አቅቷት ትንፈራገጣለች።

«ልቧ ነው የታመመ?» አሉ አቶ አስማማው።

«ልቧ አልደከመም። በዙሪያው ውሃ ሞልቶ አላላውስ ብሎት ነው። ውሃውን በመርፌ እቀዳዋለሁ።»

«አዲስ አበባ?»

«እዚሁ። አሁን። አዲስ አበባ እስክትደርስ አትቆይም።»

አባትየው አዩዋት። «እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚወጓት?»

«እኔ ራሴ ነኝ። አስተማሪዬ አጠገቤ ቆመው ስድስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ብቻዬን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። አልደብቅዎትም፤ አደጋ አለው። ዝም ብለን ብንተዋት ግን ይብሳል።»

አቶ አስማማው ጋቢያቸውን ከልጅቷ ላይ ገለጥ አደረጉ። «እንግዲህ በእግዜርና በእርስዎ እጅ ናት።»

ሃኒ የምትባል ወጣት ሐኪም የመሣሪያውን ጫፍ ያዘችላት። ሀጀራ ቆዳውን አደንዝዛ፣ ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል፣ መርፌውን ከደረቷ አጥንት ሥር ወደ ግራ ትከሻዋ አቅጣጫ ቀስ ብላ አስገባች። «ቢስሚላህ» ያለችው ለራሷ ነው። መርፌው ውሃው ውስጥ ሲገባ ምስሉ ላይ እንደ ነጭ ክር ታየ። ቀጭን ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ቀዳች፣ ደግማ ቀዳች። ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ሲሞላ ልቧ ተዘርግታ እንደ ልብ መምታት ጀመረች። የማሬ ትንፋሽ ረገብ አለ። ትንሽ ቆይታም ጎኗን አስተካክላ ጋደም አለች፤ ተኛች።

አቶ አስማማው ወንበር ቢሰጣቸውም ኮሽ ብል ትነቃለች ብለው ሳይቀመጡ ቆመው ዋሉ።

የውሃው መነሻ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ማሬ መድኃኒቱን ስድስት ወር ወሰደች፤ በየቀጠሮዋም ከአባቷ ጋር እየመጣች ዳነች። ሁሉም ልጅ ግን እንደ እሷ አልሆነም። በዚያው ዓመት የቀዶ ሕክምና ተራ ሲጠብቁ ያለፉ ሁለት ሕፃናት አሉ። ሀጀራ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለቅሶ ደርሳለች። ለሕፃናት የሚሆነው የመሣሪያ ጫፍ ከአምስተኛው ደብዳቤ በኋላ ደረሰ። ሐሙስ ሐሙስ የልብ ክሊኒክ ተከፈተ። ቅዳሜ ደግሞ ጉሮሮው የታመመ ልጅ ቶሎ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ለማስተማር ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች መዞር ያዘች፤ ሲመቸው ሚንሃጅም አብሯት ይሄዳል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ከክሊኒኩ በፊት፣ ሃኒ በሩን ዘግታ ቆመች።

«ዶክተር፣ እኔም አመለከትኩ። አንቺ የተማርሽውን።»

ሀጀራ አየቻት። «ለቤተሰብ ነግረሻል?»

«ገና ነው። ከባድ ነው አይደል?»

«ከባድ ነው። ማልቀስሽ አይቀርም። ዶክተር ዓለምነው ምን አየሽ ሲሉሽ ያላየሽውን እንዳትናገሪ። መቼ ነው የምትጀምሪው?»

«ጥር ላይ።»

«ስድስት ወር አለን ማለት ነው» አለች ሀጀራ፤ ወንበሯንም ወደ ኋላ ገፍታ ከመሣሪያው ፊት ለሃኒ ቦታ ለቀቀች። «ዛሬ አንቺ ነሽ የምታዪው፤ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። የመጀመሪያውን ልጅ ጥሪው።»