በበረኪና የታጠበው እንስራ

በደርግ ጊዜ፣ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከተማውን ባስጨነቀበት ዓመት፣ ጉለሌ ዳገቱ ላይ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ሙዚየም አስጎብኚ ነበርኩ። ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሸሚዜን በካውያ አስተኩሼ በሩ ላይ ስቆም ዕቃው ሁሉ የአባቴ ርስት ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀጨኔ አንዲት ሸክላ ሠሪ ባልቴት ይመጡ ነበር። አንድ መካከለኛ እንስራ ፊት ይቆማሉ፤ አይነኩም፣ አያወሩም፣ ትንሽ ቆይተው ይወጣሉ። እንስራውን የሠሩት እናታቸው እንደሆኑ፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ደግሞ እሳቸው ለሙዚየሙ እንደሰጡት ሰምቻለሁ። ሌላ አልጠየቅኩም። ሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ «የሰፊው ሕዝብ የእጅ ሥራ» ይላል፤ የሰፊው ሕዝብ እናት ማን ናት ተብሎ ደግሞ አይጠየቅም።

በሽታው ሲብስ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ሁሉ እንዲዘጋ ታዘዘ። ኃላፊያችን ማህተም ካለበት ወረቀት በቀር የሚፈራው ነገር አልነበረም። ተመልሰን ስንከፍት አሠራራችን እንደሚለወጥ ነገረን፤ ዕቃው ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ጎብኚው አሥር አሥር እየሆነ ደጅ ቆሞ ያያል። እስከዚህ ድረስ ደህና ሐሳብ ነበር። ቀጥሎ ግን «የሚታጠብ ዕቃ ሁሉ በበረኪና ይታጠብ» አለ። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ሸክላው ምን አጠፋ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔማ ቀድሜ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ሳፋዎቹን ግቢው ውስጥ ስደረድር ባልቴቷ ከብረት በሩ ማዶ ቆመው ያዩኛል። ቅዳሜ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

«ልጄ፣ ምን ልታጥብ ነው?»

«እማማ፣ ተዘግቷል። ወረርሽኝ ነው እኮ፣ ቤትዎ ይግቡ።»

«አውቃለሁ። ስለ እናቴ እንስራ አንድ ነገር ልንገርህና ልሂድ።»

«በቃ ስንከፍት ይነግሩኛል!»

ጮኽኩባቸው። በሽታውን ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው፤ ያቺ ትንሽ ሥልጣን ጣፍጣኝ ነው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እንደገና «ልጄ» አሉ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

እንስራውን ውሃው ውስጥ ነክሬ በጨርቅ ማሸት ጀመርኩ። መጀመሪያ እድፉ እየለቀቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ጣቴ ሰመጠ። አንገቱ እጄ ላይ ቀረ፣ ሆዱ ተናደ፣ ሳፋው ውስጥ ጭቃ ብቻ ተረፈ። ለካ እሳት ያላየ እንስራ ኖሯል። ተሠርቶ፣ ተወልውሎ፣ ደርቆ፣ ሳይቃጠል የቀረ፤ በቤት ጭስ ስለጠቆረ ብቻ የተቃጠለ የሚመስል። ያልተቃጠለ ሸክላ ውሃ ሲነካው ተመልሶ አፈር ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሕፃን በሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር በቀጨኔ አይገኝም።

ጭቃውን ጥዱ ሥር ደፋሁት። በማግስቱ ገበያ ወርጄ የሚመስለውን እንስራ ገዛሁና በጭስ አጥቁሬ ቦታው ላይ አስቀመጥኩ። ኃላፊው አላወቀም። ሳያውቅ ስለቀረም ኮራሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የበልጉ ዝናብ ወርዶ ወረርሽኙ ጋብ ሲል ከፈትን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ባልቴቷ መጡ። ጠረጴዛው ፊት ቆሙና ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ፤ እንስራውን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ይሄ እሳት የገባ ነው» አሉ።

«የእናትዎን አጠብኩት፤ ፈረሰ» አልኩ።

«እናቴ ሳታቃጥለው ነው ታማ የሞተችው። እኔ እሳት ባስገባው ይሰነጠቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ቤቴ ደግሞ ያፈሳል። ውሃ እንዳያገኘው ብዬ እኮ ነው ለእናንተ የሰጠሁት።»

ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ ተስፋ ነበር።

«አፈሩስ? አፈሩን የት አደረግከው?»

«የምን አፈር?»

«ጭቃውን ነዋ ልጄ! እሳት ካልነካው ይመለሳል እኮ። አቡክቼ ደግሜ እሠራዋለሁ። እሷ በእጇ ያቦካችው ነው።»

ጥዱን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ሥሩን በጣታቸው ቧጨሩ። ዝናቡ ጠርጎ ወስዶታል፤ ከወደቀው የጥድ ቅጠል ሥር ጥቁር አፈር ብቻ ወጣ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ በሩ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የብረት በሩን ገና በማለዳ ከፍቼ ጠበቅኩ። አሁን ባውቀውም፣ ያኔ ከበሩ ማዶ ሆነው ሊነግሩኝ የነበረውን ከመጀመሪያው ቆሜ ልሰማቸው ፈልጌ ነበር። አልመጡም።