ለሀያት ትምህርት ቤት ፍለጋ እስከ ናይሮቢ

ከአውቶቡስ ተራ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነበር። መርካቶ ዱባይ ተራ የሴት ልብስና ሻርፕ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ዕቃ ለማምጣት አልፎ አልፎ ናይሮቢ እመላለሳለሁ። በዚህ ጉዞ ግን ዕቃው ሰበብ ነበር። የሄድኩት ለልጄ ለሀያት ትምህርት ቤት ለማየት ነው።

ሀያት በሕፃንነቷ ታማ እግሮቿ ስለደከሙ የምትሄደው በክራንች ነው። እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማረችው ታች ስለነበር ችግር አልነበረም። አራተኛ ክፍል ስትገባ ግን ክፍሏ ፎቅ ላይ ሆነ። በያጅ የሆነው ባለቤቴ ሸምሱ ጠዋት አዝሏት ይወጣል፣ ከሰዓት አዝሏት ይወርዳል። አንድ ቀን ልጆች ደረጃው ላይ ሳቁባት። ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ወረወረችና፣

«ከእንግዲህ አልሄድም። ትልቅ ልጅ አይታዘልም» አለች።

ርእሰ መምህሩን ሳነጋግራቸው፣ «ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች የሚሆን ሌላ ቦታ ብትፈልጉላት ይሻላል» አሉኝ።

ይህን ሁሉ ለሙኒራ በስልክ ነገርኳት። ሙኒራ ሶማሌ ተራ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ናት፤ ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ትነግዳለች። «እኛ ጋ እንደ ሀያት ያሉ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። አምጫት፣ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች» አለችኝ። እኔም ቆረጥኩ። ሸምሱ ግን አልተዋጠለትም። ሊሸኘኝ መጥቶ አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆመና፣

«እይው ብቻ፣ ዜኑ። ቃል ገብተሽ እንዳትመጪ» አለኝ።

«ቤት ተዘግቶባት ከምትውል እዚያ ብትማር አይሻልም?» አልኩት።

መንገድ ላይ

ሻሸመኔ ምሳ በላን። ከሐዋሳ ወዲያ አገሩ ሁሉ እንሰትና ቡና ነው። ዲላ ስንደርስ ሻጮቹ አናናስ በመስኮት አስገቡልን፤ አውቶቡሱ በሙሉ አናናስ አናናስ ሸተተ። እዚያው አደርን። በማግስቱ መሬቱ ቀላ፣ ዛፉ ሳሳ፣ ግመል መታየት ጀመረ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ሞያሌ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ነበሩ።

«ስንት ልጆች አሉሽ?» አሉኝ።

«አንዲት ሴት ልጅ።» የምሄድበትንም ነገርኳቸው።

«አንዲቷን ለሰው አገር ልትሰጪ?»

በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው ነው መሰል፣ የላጡትን አናናስ ግማሽ አቀበሉኝ።

ሞያሌ ድንበሩን በእግር ተሻገርኩና ሩዝ በፍየል ሥጋ በልቼ የናይሮቢውን አውቶቡስ ያዝኩ። ያኔ በዚያ መንገድ አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም። እስከ ማርሳቢት ድንጋዩ ወገብ ይሰብራል፤ አቧራው በሻርፔ ውስጥ አልፎ ጥርሴ ላይ ተቀመጠ። ከኢሲኦሎ በኋላ አስፋልቱ ሲጀምር ከፊሉ ተሳፋሪ አጨበጨበ። እኔ ግን ይህን መንገድ ልጄን ለማየት ብቻ ስንት ጊዜ እንደምመላለሰው እያሰብኩ ነበር።

ናይሮቢ

ሙኒራ ለሀያት የሚሆን አልጋ ሳይቀር አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ጠዋት ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ በቦሎቄ በልተን ወደ ትምህርት ቤቱ በእግር ሄድን። ያን ሁሉ መንገድ ስጓዝ በሐሳቤ የሣልኩት አሳንሰርና ልዩ ልዩ ዕቃ ያለው ትልቅ ሕንጻ ነበር። ያገኘሁት ቀለሙ የተላጠ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ።

«የታለ ልዩ ትምህርት ቤቱ?» አልኳት።

«ይኸው። ልዩ ነው ያለሽ ማን ነው?»

ርእሰ መምህርቷ ማዳም ዋንጂሩ ረጅም፣ ፈጠን ፈጠን የሚሉ ሴት ናቸው። ሙኒራ እያስተረጎመች ክፍሎቹን አሳዩኝ። በታችኛው ፎቅ አንድ ክፍል ውስጥ ፌይዝ የምትባል፣ የሀያት እኩያ የምትሆን ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ከሌሎቹ ጋር ሒሳብ ትሠራለች። ከበሩ ፊት ደረጃ የለም፤ በሲሚንቶ የተሠራ ተዳፋት መውጫ ነው ያለው። እጇን አወጣችና ፈቃድ ጠየቀች፣ ወንበሯን እየገፋች ሽንት ቤት ደርሳ ተመለሰች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። የእኔ ልጅ ፎቅ ላይ ሆና ሽንቷ እንዳይመጣ ብላ ውሃ ሳትቀምስ ነበር የምትውለው። ዕንባዬን ለመደበቅ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስተካከልኩ።

ቢሮ ገብተን፣ የልጄ ክፍል ፎቅ ላይ መሆኑንና እሷን ማምጣት እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«የምትማርበት ትምህርት ቤት ታች ክፍል የለውም?» አሉ።

«አለው። ሁለተኛ ክፍሎች ይማሩበታል።»

«ሁለተኛ ክፍሎች እግር የላቸውም?»

ሙኒራ ሳቋ ቀድሟት ለመተርጎም ተቸገረች። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም።

«እኔም መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር» አሉ። «የፌይዝ እናት እየመጣች የቢሮዬ በር ላይ ተቀመጠች። ባባርራት ትመለሳለች። ደክሞኝ ነው ክፍሉን ያወረድኩት። ዛሬ አፍራለሁ። ልጅሽን እቀበላታለሁ፣ ቦታ አለኝ። ግን እዚህ ያየሽው ምኑ ነው እናንተ ጋ የማይሠራው?»

ግቢውን እንደገና አየሁት። ሲሚንቶ። ታች ያለ ክፍል። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ የብረት መያዣ። መርካቶ ውስጥ የማይገኝ አንድም ነገር አላየሁም።

ስንወጣ ሙኒራ፣ «እና አታመጫትም?» አለችኝ።

«አላመጣትም።»

ፊቷ ጠቆረ። አልጋውን ሳስብ አንጀቴን በላችኝ፤ አቀፍኳት እንጂ ሐሳቤን አልቀየርኩም።

መርካቶ

ዕቃዬን ሱቅ አስገብቼ በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁና የሀያትን ክፍል ታች እንዲያወርዱት ጠየቅኳቸው።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ የክፍል ድልድሉ አልቋል። አንዱን ክፍል ሳወርድ ሁሉም ይናጋል» አሉኝ።

«ይናጋ፣ ጋሼ። እኔ ሌላ ቦታ ፈልጌ መጥቻለሁ። የልጄ ቦታ እዚሁ ነው።»

በራቸው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። በማግስቱም መጣሁ፤ ከዚያም በኋላ። ደንበኞቼ እየደወሉ «ሱቅሽ ምነው ተዘጋ?» ይሉኛል። መጨረሻ ላይ የሀያት አስተማሪ መጥታ፣ «እኔም ጉልበቴን ያመኛል፤ ታች ባስተምር ደስታዬ ነው» ስትላቸው፣ ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሱና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ወላጆች ከተስማሙ እንደማይቃወሙ ተናገሩ።

የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ አንድ አባት ተነሱ። «የእኔ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ፎቅ ወጥቶ ቢወድቅስ?»

ጥያቄው እውነት ነበር። ያኔ ሰው ፊት መናገር የማይወደው ሸምሱ ከኋላ ተነሳ።

«የደረጃው መደገፊያ አጭርም ልልም ነው። እኔ በየቀኑ ልጄን አዝዬ ስወጣ አይቼዋለሁ። ለትንንሾቹ ቁመት የሚሆን ብረት በራሴ እጅ እበይዳለሁ። ለሽንት ቤቱም መያዣ እሠራለሁ። ልጅዎ ከወደቀ እኔን ይጠይቁኝ።»

አባትየውም፣ «እንግዲያስ መጥቼ አግዝሃለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ከጉዞው የተማርኩት ይህ ነው፦ እስከዚያ ድረስ የምለምነው ለልጄ እንዲያዝኑላት ነበር። ናይሮቢ ሄጄ ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ አወቅኩ።

ክፍሉ የወረደ ዕለት ሀያት በክራንቿ በራሷ ገባች፤ መስኮቱ አጠገብ ካለች ልጅ ጎን ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን አኮሳተረች።

«እማ፣ ሂጂ እንጂ! ሰው እያየን ነው።»

ሄድኩ።