የእንጀራ እናት ቁልፍ

ሆሳዕና ውስጥ ኩሽናዋን እንደ ባንክ የምትቆልፍ ሴት አለች ሲሏችሁ እኔ ነኝ። ፍሪጁ ይቆለፋል፣ የድንች ጆንያው ሳይቀር ሰንሰለት አለው። ቁልፎቹ አንገቴ ላይ ናቸው፤ ቸርች ለጸሎት ስንበረከክ እንኳ ይንቃጨላሉ።

ምክንያቱ ልጄ ናት። ከዱራሜ በጉዲፈቻ ስወስዳት ጨቅላ ነበረች፤ ጡጦ መሳብ እንኳ ስለሚያቅታት "ጌታዬ፣ ምነው በበላችልኝ" ብዬ ስለምን ከረምኩ። ልመናዬ ከልክ በላይ ተሰማ። ከፍ ስትል መብላት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት! አዲስ አበባ ያየልን ሐኪም አብሯት የተፈጠረ፣ እምብዛም የማይገጥም የዘረመል ችግር እንዳለባት ነገረኝ። "ሆዷ ቢሞላም አእምሮዋ ጠገብሽ አይላትም። ካልጠበቅሻት እየበላች ልትሞትብሽ ትችላለች" አለ።

እስቲ ይህንን ለጎረቤት አስረዱ! ልጅቷ አይኔን ጠብቃ ትወጣና ልቅሶ ቤት ትገባለች። የማታውቀውን ሟች ከልቧ አልቅሳ ንፍሮዋን ትቀበላለች። በሰፈራችን ማን እንደሞተ የምሰማው ከእሷ ነው። በደረሰችበት ሁሉ ደግሞ "እማዬ ቆለፈችብኝ" ትላለች። ሰዉ ከንፈሩን ይመጣል። "አይ የእንጀራ እናት!" ይባልልኛል። እንጀራ የምትከለክል የእንጀራ እናት፣ በሉ ሳቁ!

"ቆይ፣ ውፍረቷ አይታያችሁም?" ብላቸው፣ አጥር የምንጋራቸው ትልቅ ሴትዮ "ይሄማ የረሃብ እብጠት ነው" አሉ። 

በመጨረሻ እኚሁ ሴትዮ አንዲት የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ አስከትለው ቤቴ መጡ። በእጃቸው ደግሞ ከቡላ የተሠራ፣ ቅቤ የጠገበ አተካና በትልቅ ሳህን ይዘዋል። የሐኪሙን ቃል ብደግም ብሰልስ ማን ይስማኝ? ልጄ አይኗን ከሳህኑ ላይ አልነቀለችም።

"እናትሽ ታበላሻለች?" አለቻት ባለሙያዋ።

"አታበላኝም!"

ጉድ በይ ሆሳዕና! ቁርሷን ካጎረስኳት ገና እጄ አልደረቀም።

"እኛ የምንወስድሽ ቤት ኩሽና አይቆለፍም። ትሄጃለሽ?"

 ዕቃዋን ሸክፋ ስትወጣ ታየኝ። ምን ይደረግ፣ እሷን ብሆን እኔም እሄድ ነበር። የወለድኳት አይደለሁም፣ የማበላትም አይደለሁም፤ በምን አፌ ልጄን ተዉልኝ ልበል?

ልጄ አተካናውን አየች። አንገቴን አየች። ግንባሯን ቋጥራ አሰበች።

"ታዲያ እዚያ ማን ይቆልፍልኛል?" አለች።

 ከዚያ ሁለት እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ወደ ሳህኑ በአገጯ ጠቆመችኝ።

"እማዬ፣ ቶሎ በይ፣ ቆልፊልኝ!"

እኔም እየተንሰቀሰቅኩ አተካናውን ከነሳህኑ ቆለፍኩላት። ሴትዮዋ ሳህናቸውን እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም።