ሳልተረጉም የተውኩት ደንብ

ባለፈው ሳምንት ወጣቱ አዘጋጃችን አንድ ዜና እንዳርም ሰጠኝ። አዳማ ዳር ባለው የጥንት የደጃዝማች ርስት ላይ «ለመጀመሪያ ጊዜ» የጎልፍ ሜዳ ሊሠራ ነው ይላል። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለውን ሰረዝኩት። ጣሊያን ሳይመጣ በፊት እዚያው ግራሮች መካከል ጎልፍ ሲጫወቱ አይቻለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ፈረንሳይኛ ስለማውቅ፣ የባቡሩ ፈረንጆች ከርስቱ መሬት ተከራይተው ባቋቋሙት ክበብ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የክት ልብሴን ለብሼ ስከተላቸው፣ አንዴ እንኳ «እስቲ ሞክር» ብሎ ዱላ ያቀበለኝ የለም።

ጓደኛዬ ገመቹ የርስቱን አጥር ይሠራ ነበር። እሩሯን ኳስ በዱላ እየለጉ በሚጫወቱት የገና ጨዋታ የሚስተካከለው አልነበረም። አንድ የጥር እሁድ፣ ነፋሱ አቧራውን ሲያቦን፣ የክበቡ ሊቀመንበር ለቀልድ ዱላ ሰጠው። ኳሷ ከግራሮቹ በላይ አልፋ ሄደች።

«ይቺማ ገና ናት፤ እሩሯ ብቻ አነሰች!» አለ ገመቹ።

ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው ጥብስ ጋበዙት። እኔ ቆሜ ተረጎምኩ። በኋላ ከቤት የያዝኩትን ጭኮ ከበረንዳው ሥር ለብቻዬ በላሁ።

«አንተ ሁለት ዓመት በአፍህ ያልገባህበትን እኔ በአንድ ምት ገባሁ!» ብሎ ገመቹ ሳቀብኝ።

ሊቀመንበሩ ወሰነ፦ በሚቀጥለው እሁድ ገመቹ ከክበቡ አባል ከባቡሩ መሐንዲስ ጋር ይጋጠማል፤ ካሸነፈ የክበቡ አባል ይሆናል። ደንቡን እንዳስረዳው አዘዘኝ። አስረዳሁት፤ አንዱን ግን ዋጥኩት። በጎልፍ ሰው የሚመታው የራሱን ኳስ ብቻ ነው። በገና ደግሞ እሩር የሁሉም ናት፤ ቀድሞ የደረሰ ይመታታል።

«በቃ ይኸው ነው?» አለኝ።

«ይኸው ነው።»

እሁድ ሁለቱም መቱ። ገመቹ ሮጦ የመሐንዲሱ ኳስ ላይ ደረሰና ወደ መጣችበት መልሶ ለጋት። በገና ቢሆን እልል ያሰኝ ነበር። መሐንዲሱ ዱላውን ወረወረ።

«ከሜዳው ይውጣልኝ በለው» አለኝ ሊቀመንበሩ። ይህችን ምንም ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

«ወንድሜ፣ ምን አጠፋሁ?»

«የፈረንጅ ነገር ነው» አልኩት። ከዚያም በኋላ ለእኔ ዱላ የሰጠኝ የለም።

በዜናው ኅዳግ ላይ ይህን ጻፍኩ፦ «ገመቹ የተባለ የአገሩ ሰው በዚህ ሜዳ ተጫውቶ ነበር። አስተርጓሚው ደንቡን ስለደበቀበት ተባረረ።»

አዘጋጁ አንብቦ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ስም የሌለው ዜና አይወጣም ሲሉን አልነበር? የአስተርጓሚው ስም የታል?»

ብዕሬን መልሼ አነሳሁ።