በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ድስት

ሰፈራችን ውስጥ «ብርድ ልብስ» ሲባል የሚለበሰውን የሚያስብ ሰው የለም፤ ጎረቤቴን ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሦስት ልጆቹን ብቻውን ያሳድጋል። ቅጽል ስሙን ያወጣንለት እኛ የግቢው ሴቶች ነን፤ ምን እደብቃለሁ። ጢሙን ያጎፈረ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ድስት እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎ፣ ጥግ አስይዞ፣ «ደህና ዋል» ሊለው ምንም ሳይቀረው በሩን ገርበብ አድርጎ ሲወጣ አይቶ ዝም የሚል ማን ነው?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔንና የእሱን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም ግድግዳ ከተባለ። እሱ ሽንኩርት ሲከትፍ እኔ እዚህ የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ አለቅሳለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትንና ያሸተትኩትን ነው።

የድስቱ ነገር እንዲህ ነው። ማታ የዘፈዘፈውን ቀይ ቦሎቄ ጠዋት ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ይጥደዋል። ከፈላ በኋላም ክዳኑ እስኪጨፍር ድረስ ደህና አድርጎ ያንተከትከዋል። ከዚያ ያወርድና በወፍራም ብርድ ልብስ ጥቅልል አድርጎ ካርቶን ውስጥ ይከተዋል። ጋዙን አጥፍቶ ሥራው ይሄዳል። ድስቱ በገዛ ሙቀቱ ሲበስል ይውላል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ትኩስ ምሳ ይጠብቃቸዋል። ጋዝ ይቆጠባል፣ ሠራተኛ አይቀጠርም፣ እሳት ላይ የሚጣድ ልጅ የለም።

ደሞዙ የሾፌር ደሞዝ ነው፤ ከኪራይና ከትምህርት ቤት የሚተርፈውን እናውቀዋለን። ጥበቡ ያለው በዚያች በተረፈችው ላይ ነው። ገበያ የሚወጣው ሌላው ሰው ሲገባ ነው። ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ይደርስና ጎኑ የተጨፈለቀ ቲማቲም፣ የላይ ቅጠሉ የጠወለገ ጥቅል ጎመን በርካሽ ይሰበስባል። «የእኔ ልጆች የሚበሉት ውስጡን ነው» ይላል። የቦሎቄው መረቅ በማግስቱ ሾርባ ይሆናል፤ የደረቀው ዳቦ ሾርባው ውስጥ ይገባል። መካከለኛው ልጁ፣ «መራጩ» የምንለው፣ ካሮት ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። አባቱ ታዲያ ካሮቱን ፍቆ ፍቆ ከቲማቲሙ ጋር ያሟሟዋል፤ መራጩም ሳያውቀው ሰሃኑን ይልሳል። እውነቴን ነው፣ ከእኔ ቤት ይልቅ እሱ ቤት ጥሩ ይበላል።

አንድ ሕግ ነበረው፤ ለትልቋ ልጁ ነጋ ጠባ ይደግምላታል። «ካልተንተከተከ አይጠቀለልም።» ምክንያት አለው። አንድ ጊዜ የጋራዣቸው ምግብ ቤት ቀይ ቦሎቄ በቅጡ ሳያፈላ ሞቅ ሞቅ አድርጎ አቀረበላቸውና ሾፌሩ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲንከባለል ዋለ። ያ ሁሉ ጎረምሳ በሰው ትከሻ ነው ሐኪም ቤት የገባው። «ጥሬ ቦሎቄ መርዝ ነው» ይላታል። «ለብ ያለው ደግሞ ይብሳል፣ የበሰለ ይመስላላ።»

እንግዲህ የጣጣው መነሻ ይህችው ትልቋ ልጅ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባንድ ክረምት ቁመቷ ተመዘዘና ቀጠነች። በዚያ ዕድሜ የማይቀጥን ማን አለ? ግን አንዱ ወሬ አመላላሽ፣ ምላሱ ይያዝና፣ ለሟች እናታቸው እናት «ልጆቹ ከስተው ዐይናቸው ብቻ ቀርቷል» ብሎ አደረሰላቸው። አያትየዋ የሚኖሩት ራቅ ያለ ከተማ ነው። ወዲያው ደወሉ፤ ድምፃቸው በግድግዳው አልፎ እኔ ጋ ይሰማል።

«ቅዳሜ ለምሳ እመጣለሁ። ምን እንደምታበላቸው በዐይኔ አያለሁ። ካላማረኝ ሦስቱንም ይዣቸው እመለሳለሁ። የእኔ ቤት ሰፊ ነው፣ የሚበላም አለ።»

«እሺ እማማ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት ድምፅ ጠፋ። ልጆቹ አይሯሯጡም፣ አይጣሉም። አንድ ቀን ብቅ ስል መራጩ ካሮት ይዞ ይቆረጥማል፤ ሳይፋቅ፣ እንዳለ። ያኔ ነው ነገሩ እንደከፋ የገባኝ።

ዓርብ ማታ ሾፌሩ በሬን አንኳኳ። «እትዬ፣ ነገ ምሳ እኛ ጋ ነሽ። ሰው ሲኖር ይሻላል።» ትንሽ አመነታና «ግን አደራሽን፣ አፍሽን ያዢልኝ» አለኝ።

«እኔ? እኔ ምን ወጣኝ?»

«አንቺማ!» ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ የእረፍት ቀኑ ነበር። ግን የአጋጣሚ ነገር፣ ባልደረባው ታሞ የጠዋቱን ዙር እንዲሸፍን ተጠራ። እምቢ የሚባል ዓይነት ጥሪ አይደለም። ድስቱን ጥዶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ትልቋን ሲያስጠነቅቃት ሰማሁት። «እስኪንተከተክ ከአጠገቡ እንዳትነሺ። ሲንተከተክ እንደማደርገው አድርገሽ ጠቅልዪው። ለምሳ እደርሳለሁ።»

«እሺ አባዬ» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ እኔ በር ላይ መጥታ ቆመች። «እትዬ፣ ክብሪት ስጪኝ» አለች። አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ነበር፤ በእጄ ወደ መደርደሪያው ጠቆምኳት፣ ወስዳ ሮጠች። ጥቂት ቆይቶ የግቢው በር ተንኳኳ። አያትየዋ! ለምሳ የተባሉት ሴትዮ በጠዋቱ ከተፍ አሉ። ባንድ እጃቸው ትልቅ ሻንጣ፣ በሌላው በጨርቅ የተሸፈነ ዘንቢል። ሻንጣው ባዶ እንደሆነ ከአያያዛቸው ያስታውቃል፤ የሚያጎብጣቸው ዘንቢሉ ነው። ባዶ ሻንጣ ለምን እንደሚያዝ ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም።

ሰላም ልል ተከትያቸው ገባሁ። ድስቱ ተጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ ገብቷል፤ ልጅቷ ከፊቱ ተገትራለች። «ተመስገን፣ ደርሷል» አልኩ በሆዴ። አያትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቤቱን በዐይናቸው አዳረሱት፤ መደርደሪያውን፣ የዱቄት ጣሳውን፣ የልጆቹን ክርን። ካርቶኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ብርድ ልብስ እኔ ለልጄ የገዛሁት አይደለም?»

«ነው» አለች ልጅቷ።

«ልጄ የለበሰችውን ድስት ይለብሰዋል?»

ምላሴን ነከስኩ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ነከስኩት። አደራ ተብያለኋ።

ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ ምርመራ ነው። ትናንት ምን በላችሁ? ሾርባው ውስጥ ምን ነበረ? ወተትስ? መራጩ ሳይጠየቅ «እኔ ካሮት እወዳለሁ» ይላል፤ ዝም ይልና ደግሞ «በጣም ነው የምወደው» ይላል። ትንሿ፣ አራት ዓመት እንኳን በቅጡ ያልሞላት፣ ሻንጣውን እየከፈተች ትዘጋለች። ትልቋ ግን ጥፍሯን ትበላለች እንጂ ቃል አይወጣትም። አያቷን ፈርታ ነው ብዬ ተውኳት።

ሾፌሩ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ እያለከለከ ደረሰ። የአያትየዋን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል እጃቸውን ብቻ ሰጡት። ታጠበ፣ ጠረጴዛውን አሰናዳ፣ ብርድ ልብሱን ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ። ሁልጊዜ ያን ክዳን ሲያነሳ እንፋሎቱ ፊቱን ይሸፍነዋል። አሁን ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ አየሁ፤ እሱ ግን በችኮላው ጭልፋውን ሰድዶ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ለትንሿ ቀዳላት፣ ከዚያ ለመራጩ፣ ለአያትየዋ፣ ለእኔ፣ ለትልቋ። ለራሱ ሲቀዳ እጁ ቆመ። አንዲት ቦሎቄ አንስቶ በሁለት ጣቶቹ ጨመቃት። ላይዋ ተላጠ፤ ውስጧ እንቢ አለ።

ትንሿ ማንኪያዋን ሞልታ ወደ አፏ እያስጠጋች ነበር።

«አስቀምጪው!» ብሎ ማንኪያውን ከእጇ ነጠቃት። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። የመራጩንም ሰሃን ወደ ራሱ ሳበ።

«ምን ሆነሃል? የልጅ እህል ከአፍ ይነጠቃል?» አሉ አያትየዋ።

እሱ ወደ ትልቋ ዞረ። «ተንተክትኳል?»

«አዎ» አለች።

«ልጄ፣ ተንተክትኳል ወይ?»

«አዎ አልኩህ፣ አባዬ።»

እኔ ያኔ ክብሪቱ ትዝ አለኝ። አያትየዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያሉ። ሾፌሩ «ካልሽማ መጀመሪያ እኔ ልብላው» ብሎ ማንኪያውን ሞልቶ አነሳ።

«አትብላው!» ልጅቷ ወንበሩን ገልብጣ ተነሳችና እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። መረቁ ጃኬቱ ላይ ተደፋ። «አልተንተከተከም! ሳይፈላ ጋዙ አለቀብኝ። ክብሪት አምጥቼ ብለኩሰው እንቢ አለኝ። ለእትዬ ልነግራት ስል እማማ መጡ። ጋዝ እንኳን የላቸውም ብለው ይወስዱናል ብዬ ጠቀለልኩት...» ከዚያ ወዲያ ያለው ለቅሶ ነበር።

እሱ አልተቆጣትም። ራሷን ደረቱ ላይ አስደግፎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ በየሰሃኑ ያለውን አንድ በአንድ ድስቱ ውስጥ መለሰና ድስቱን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ።

«ቆይ እንጂ!» አልኩ፤ አላስቻለኝም። «እኔ ጋ ጋዝ አለ። ደህና አድርገን እናፍላው።»

«ግማሽ ቀን ለብ ብሎ የዋለ ነገር ለልጆቼ አላበላም፣ እትዬ።»

ወጥቶ የግቢው ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ደፋው። ያ ሁሉ ቦሎቄ፣ ያ ሁሉ ሽንኩርትና ቲማቲም! በዚያች ሴትዮ ፊት፣ በዚያ ቀን! ባዶውን ድስት ይዞ ተመለሰና ምድጃው ላይ አስቀመጠው።

«እማማ፣ ምሳ የለም» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድንች አለ፤ በእትዬ ምድጃ እስክቀቅል ይታገሱኝ።»

«እኔን አላፈርከኝም?» አሉት። «የመጣሁበትን እያወቅህ ባዶ ጠረጴዛ ስታሳየኝ?»

«አፍሬያለሁ» አለ። «ከደወሉልኝ ቀን ጀምሮ ለዛሬዋ ምሳ ስል እንቅልፍ የለኝም። ግን የእኔ ማፈር ከልጆቼ ሆድ አይበልጥም።»

አያትየዋ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ዕቃቸው ወዳለበት ሄዱ። መራጩ ዘልሎ የአልጋውን እግር አቀፈ። ሾፌሩ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ያን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። እኔ አሁንስ አበዙት ልላቸው አፌን ስከፍት በዐይኑ ያዘኝ፤ ዘጋሁት።

ሻንጣውን አላነሱትም። ዘንቢሉን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጨርቁን ገለጡት። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካን፣ ሙዝ።

«ሰሃን አምጪ» አሏት ትልቋን። አልተንቀሳቀሰችም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ መራጩ ካለበት ሆኖ።

«የመንገድ ስንቅ ነው። ለእኔና ለእናንተ ለሦስታችሁ የያዝኩት።»

እጁን የዘረጋ አልነበረም። ትንሿ እንኳን፣ ርቧት እንባዋ ሳይደርቅ፣ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። ያን ዳቦ መብላት መሄድ መስሏቸዋል። እኔም የመሰለኝ እሱ ነው።

«ብሉ እንጂ!» አሉ አያትየዋ። «ሁሉንም ብሉት። ለማን ነው የሚተርፈው?»

ሾፌሩ ከግድግዳው ተነሳ። «እማማ፣ አሁን ከጨረሱት... መንገዱ ሩቅ ነው። ልጆቹ በመንገድ ላይ ምን ይበላሉ?»

አያትየዋ እንቁላል ይልጡ ነበር፤ ቀና አላሉም። አንዱን ዳቦ ለይተው ዘንቢሉ ውስጥ መለሱት።

«ለአንድ ሰው አንድ ዳቦ ይበቃል» አሉና የተላጠውን እንቁላል ለትልቋ ልጅ ዘረጉላት።