ትከሻ ያልመለሱት ፈታኝ

ውቤ በረሃ አካባቢ ባለ አንድ የባህል ምሽት ቤት ውስጥ እስክስታ እወርዳለሁ። ይህን ስናገር ሰው ደፋር ነኝ ብሎ ያስባል። እኔ ግን ሱቅ ገብቼ ሳሙና ለመጠየቅ እንኳ ሌላው ገዢ እስኪወጣ በር ላይ የምቆም ሰው ነኝ። እዚያ ቤት መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ እንግዳውም ሞቅ ብሎታል፤ የሚያየው ትከሻዬን እንጂ እኔን አይደለም። በዚያ ነው የምኖረው።

ስለዚህ አንዲት ልጅ "ፈተናዬ ላይ ተወዛወዢልኝ" ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የባህል ሙዚቃና ውዝዋዜ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር ነች። የመጀመሪያውን የተመረቀችው በፒያኖ ነው። መሰንቆ ለመልመድ ከምሽት ቤታችን መሰንቆ ተጫዋች ጋር ከሰዓት በኋላ እየመጣች ትለማመድ ነበር። የመመረቂያ ፈተናዋ በወረቀት ብቻ አያልቅም፤ ከተወዛዋዥ ጋር ሆና ፈታኞች ፊት መጫወት አለባት።

"ብወድቅስ?" አለችኝ አንድ ቀን፣ የመሰንቆዋን ጭራ እየነካካች። "ሥራዬን ለቅቄ ነው የገባሁበት። አባቴ እስከ ዛሬ አላናገረኝም። ሌላ ዓመት ድገሚ ካሉኝ እተወዋለሁ።"

እሺ ማለት ፈራሁ። እምቢ ማለት አፈርኩ። ሀፍረቱ በለጠና እሺ አልኩ።

የቤታችን ከበሮ መቺ ይህን ሲሰማ መቀመጫ አሳጣኝ።

"ከስምንተኛ ክፍል በቀጥታ ማስተርስ! በየት በኩል ነው የገባሽው፣ በመስኮት?"

"ተወኝ።"

"ጋዋኑን ስትለብሺ ፎቶ ተነሺልኝ፤ አትክልት ተራ ላሉት ጀለሶቼ አሳያቸዋለሁ።"

"አንተ ሙድ መያዙን ትተህ ከበሮህን ጠፍር" አሉት እትዬ። እትዬ የምንላቸው የቤቱን ባለቤት ነው፤ እስክስታም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የፈተናው ጠዋት ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። አራት ኪሎ ሳንደርስ "ወራጅ!" ብዬ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ሥላሴ ጋ ደርሼ ተሳለምኩ፤ ትንሽ ሄድኩና ተመልሼ ደግሜ ተሳለምኩ። አዳራሹ ደርሼም ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ክፍሉ እመላለሳለሁ።

"እባክሽ ቁጭ በይ" አለችኝ ልጅቷ። "አንቺን ሳይ ግጥሙ ይጠፋብኛል።"

ቁጭ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ተነሳሁ።

የተስማማነው ቀላል ነው። እሷ መድረኩ መሃል ቆማ ትጫወታለች፤ እኔ ከጎኗ እወዛወዛለሁ፤ መጨረሻ ላይ አጠገቧ መጥቼ ስቆም ዘፈኑን ትዘጋለች። ሰዓቱ የተለካ ነው። ግጥሙም አስቀድሞ ተጽፎ ለፈታኞቹ ተሰጥቷል።

ወጣን። መብራቱ ቦግ ያለ ነው፤ የሰው ፊት ሁሉ ይታያል። ከፊት የተቀመጡት ፈታኞች ሦስት ናቸው፤ መሃል ያሉት ሽማግሌ ሰውዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ይጽፋሉ። መሰንቆው ጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር እንዴት እንደተወዛወዝኩ አላውቅም። ሁለተኛው ላይ ትከሻዬ ለቀቀና እግሬ ምሽት ቤቱ ያለ መሰለው። የመድረኩን ደረጃ ወርጄ ሽማግሌው ፊት ቆምኩ።

በእኛ ቤት ወግ ነው። ዘፈኑ ሲግል ተወዛዋዥ ወደ እንግዳው ትሄዳለች፤ እንግዳውም ቆሞም ሆነ ተቀምጦ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ይመልስላታል። ሳይመልስ ትታው ከሄደች ንቃዋለች ማለት ነው። እትዬ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

ሽማግሌው አልመለሱም። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ። እኔ ምን ላድርግ? መሄድ አልቻልኩም። መቆምም አልቻልኩም። ፊታቸው ቆሜ ትከሻዬን እመታለሁ፤ ላቤ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል፤ ከኋላዬ መሰንቆው ዘፈኑን ለመዝጋት እኔን እየጠበቀ ያንኑ ዜማ ይደጋግማል። "አበላሸሁባት፣ አበላሸሁባት" የሚለው ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

ከዚያ መሰንቆው ቀረበኝ። ልጅቷ እየተጫወተች ደረጃውን ወርዳለች። አጠገቤ ቆመችና ወረቀቱ ላይ የሌለ ስንኝ አወጣች፦

"እስክሪብቶዎን ይተው፣ ወረቀቱም ይብቃ፣
ቆማለች እህቴ ትከሻ ጠብቃ።"

ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። አንድ ትከሻቸውን ብቻ፣ ኮቱን እንደሚያስተካክል ሰው፣ ከፍ ዝቅ አደረጉ። በቃኝ። እጅ ነስቼ ወደ መድረኩ ተመለስኩ፤ ዘፈኑም ተዘጋ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ሽማግሌው ልጅቷን ጠየቋት። "ወደ እኛ መውረዳችሁ ታስቦበት ነው?"

አዎ ብትል ማን ያውቅባታል? ልቤ "አዎ በይ" እያለ ሲጮህ መሬት መሬቱን አየሁ።

"አልታሰበም፣ ፕሮፌሰር" አለች። "እሷ በለመደችው ወረደች። እኔ ደግሞ ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም።"

"ስንኙስ?"

"እዚያው ነው የመጣልኝ።"

ሰውዬው ውጭ ጠብቁ አሉን። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ደጋግሜ ለካሁት። እሷ መሰንቆዋን ታቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች። ይቅርታ ልላት አጠገቧ እደርስና ተመልሼ እዞራለሁ። በሩ ተከፍቶ ብቻዋን ሲጠሯት መዞሬን አላቆምኩም።

ስትወጣ ፊቷን ማየት ፈርቼ ጫማዋን አየሁ።

"አልፌያለሁ" አለች።

"እውነትሽን ነው?"

"ሰዓት አሳልፈሻል፣ መጨረሻ ላይ ቅኝቱ ወርዶብሻል ብለው ነጥብ ቀንሰዋል። ግን አልፌያለሁ። አንቺ ልጅ፣ እንዴት ብለሽ ነው ሰውዬው ፊት የተገተርሽው? ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ!"

እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ምሳ ከተማሪዎቹ ጋር አብረን እንብላ አለችኝ፤ ሥራ አለብኝ ብዬ ዋሸኋት። ያን ሁሉ ተማሪ ፊት ለፊት አይቼ መብላት አልችልም።

ሥላሴን አልፌ ወደ ፒያሳ ስሄድ ነው የባህል ቀሚሴን እንዳልቀየርኩ የገባኝ። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ "ሙሽሪት፣ ሰርጉ ወዴት ነው?" አለኝ። ፊቴ ነደደ። ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ቁልቁለቱን ፈጠን ፈጠን እያልኩ ወረድኩ።